ወደ ባሌ ስንሄድ መኪናችንን ላዘጋጀልን የጅማ መካኒክ

የጅማ ሰዎች እንዴት ናችሁ? ደህና መካኒክ ጠቁሙን እያላችሁ ለምትጠይቁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። በዚያው ላመስግነው። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። መርካቶ በኩል የሚሠራ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው።

በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በድንኳን ልናድር አሰብን። መኪናችን ያረጀች የናፍጣ ላንድክሩዘር ናት። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ኮፈኑን ገና ከፈት እንዳደረጉ "ሞተር መውረድ አለበት" አሉን። የሚያወሩት ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ነው። የምነዳው እኔ ነኝ እኮ፣ እሱ መንጃ ፈቃድም የለው!

ይሄኛው ግን ኮፈን ሳይነካ "እህቴ፣ የት ልትሄጂባት ነው?" አለኝ። ባሌ ስለው እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መንገዱን ይጠይቀኝ ጀመር፤ ስንት ሰው ትጭኛለሽ፣ ዕቃው ከላይ ነው ከውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ታድራላችሁ ወይስ አልፋችሁ ሐረና ጫካ ትወርዳላችሁ። ሞተሩን አስነስቶ ካዳመጠ በኋላ "ይሄ የትም አይወርድም፣ ገንዘብሽን ያዢ" አለ። የፊት ፍሬን ሸራው ግን አልቆ ስለነበር ቀየረው፤ የግቤን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማም ቀየረ። ስኮርታ ጎማውን አስወርዶ ነፋሱን ለካ፣ ክሪኩንም እየሠራ መሆኑን አየ።

እኔ የማላውቀው የራዲያተሩን ነገር ነበር። እዚህ ጅማ ብዙዎቻችን የቧንቧ ውሃ ሞልተን ነው የምንነዳው፣ ቀስ በቀስ ዝገት ቢያመጣም። ሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጩ ይብሳል፣ ክረምትም ቢሆን አይታመንም አለኝ። ውሃው በረዶ ሆኖ ካበጠ ራዲያተሩንም ሞተሩንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውሃውን አፍስሶ፣ አጥቦ፣ አንቱፍሪዝ በልኩ ቀላቅሎ ሞላበት። ካንዴሌታዎቹንም (የናፍጣ ሞተር በብርድ እንዲነሳ የሚያሞቁትን) አንድ በአንድ ፈተሸ፣ አንዷ ሞታ ነበር። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ "የተቀየረው ይሄ ነው" ብሎ። ይሄን የሚያደርግ ስንት አለ?

ልሄድ ስል እንዲህ አለኝ፦ "ላይ ስትደርሱ ጉልበት ብታጣና ጥቁር ጭስ ብታወጣ አትደንግጪ። አየሩ ሳስቶ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ነው። በከባድ ማርሽ ቀስ እያልሽ ውጪ።"

እውነቱን ነው። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ እስክንገባ ምንም አላለችም። እዚያ የፓርኩ አስጎብኚ (እሱም ይመስገን) ከፍታውን እንድትለምዱት መጀመሪያ እዚህ እደሩ ብሎን ድንኳናችንን ጥዱ ሥር ተከልን። ከርከሮዎቹ እንደ ሰፈር በግ አጠገባችን ይግጡ ነበር፣ የደጋ አጋዘኖቹም ብዙ አይሸሹም። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎናችን ያደሩት ሰዎች መኪናቸውን በግፊት ሲያስነሱ የእኛዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከጎባ ወደ ሳነቴ ስንወጣ ጭሱ መጣ። ባለቤቴ "ይሄው፣ ሞተሩ ወረደ!" አለ። እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ዝም። ጉም ውስጥ ገብተን፣ ጅብራዎቹ እንደ ሰው ቆመው እየታዩን፣ ቀስ እያልን 4,377 ሜትር ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ወጣን። ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው መሆኑ ነው። ቀይ ቀበሮም አየን፣ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጦ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ ስለዚህ እዚያ መንገድ ላይ አትብረሩ፣ አቋርጦ ያልፋል።

ሐረና ስንወርድ ደግሞ ጭቃ ነው፣ ፎር ዊል የሌለው በክረምት ባይሞክረው ይሻላል። ጫካው ውስጥ የዱር ቡና ሲያዩ ልጆቼ "ይሄማ የእኛ ነው" ብለው ከሪራ መንደር ልጆች ጋር ክርክር ገጠሙ። የጅማ ልጅ ምን ታደርጉታላችሁ። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የቻላችሁ ሂዱ።

ወደ መካኒኩ ልመለስ። እንከን አለው። ስልክ አያነሳም፣ "ነገ" ካለ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ጉዞ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ውሰዱለት። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ይነግራል፣ በኋላ አይጨምርም። ዕቃ ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትመጡም አይከፋውም፣ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ግን አይቶ ይመልሳችኋል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አርብ እኩለ ቀን አካባቢ ግን አትድከሙ፣ ለጁምዓ ይዘጋል።