ሐረጎን ለሚወርድ ሰው፦ ለቻይና የተሠራች መኪና ትሻላለች ወይስ ለውጭ ገበያ የተሠራች?

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነው። ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት ላይ ጉሙ መንገዱን ሊውጠው ደርሷል። ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወርዳል። ጠርዙን ይዘው ጭድ የተጫኑ ሁለት አህዮች ይሄዳሉ። አጎቴ አህዮቹን ለማለፍ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ሲያዞር፣ መሪው መልሶ ወደ ቀኝ ጎተተው። ወደ አህዮቹ ማለት ነው።

«ኧረ ይቺን መኪና ማነው የሚነዳት?» አለና መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ያዘው።

ደግነቱ ምንም አልሆንን። ግን መኪናዋ ከሳምንት በፊት እንዲህ አይነት አመል አልነበራትም። በመሀል አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር። ልጁ «ሶፍትዌሯን አፕዴት አድርጌልዎታለሁ አባባ» ብሎ ነው የመለሰለት። ድሮ አጎቴ መስመር ጠባቂውን፣ ማለትም መኪናዋ ከተቀባው መስመር ስትወጣ መሪውን የሚመልሰውን ረዳት፣ አንዴ ካጠፋው እንደጠፋ ይቀር ነበር። ከአፕዴቱ በኋላ ግን መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ራሱ ይበራል። ይህን የነገረው ሰው የለም።

አሁን ይህችን መኪና ሊቀይራት ነው። መንግሥት በ2016 ጥር ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ አዲስ የሚገባው ያው ኤሌክትሪክ ነው። ደላላው ሁለት አምጥቶለታል። ሁለቱም ከቻይና ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አንደኛዋ ግን ለቻይና ገዢ የተሠራች ናት፤ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያውም ወደ ውጭ እንድትላክ የተሠራች። የመጀመሪያዋ ረዳት በረዳት ናት፤ ዋጋዋም ረከስ ይላል። «ፉል ኦፕሽን ናት፣ ራሷ ትነዳለች» ይላል ደላላው። አጎቴ ደግሞ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ አንተ ምረጥልኝ» ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጣለው።

አፕዴት መኪናን ምን ያደርጋታል?

ብዙ ሰው አፕዴት ሲባል የስክሪን መልክ መቀየር ይመስለዋል። ከዚያ በላይ ነው። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የቴስላን ሞዴል 3 ፈትኖ ነበር። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ፍሬን ተይዞ ለመቆም 46 ሜትር ፈጀባት። ትንሽ ቆይቶ ኩባንያው በኢንተርኔት አፕዴት ላከ። ያቺው መኪና 40 ሜትር ተኩል ላይ ቆመች። ጎማ አልተቀየረ፣ የፍሬን ሸራ አልተቀየረ።

መቀነስም አለ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ለሰሜን አሜሪካ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ራዳር መግጠም አቁሞ በካሜራ ብቻ ሄደ። እነዚያ መኪኖች መጀመሪያ ለገዢ ሲደርሱ አንዳንድ ረዳቶቻቸው ተገድበው ነበር፤ ገደቡ የተነሳው በኋላ በአፕዴት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ደግሞ በአሜሪካ ወደ 2 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች አፕዴት ተላከ። ሥራው ሹፌሩን «መሪህን ያዝ፣ መንገድህን እይ» እያለ የበለጠ መጎትጎት ነው። ሰው ማታ አንድ መኪና አቁሞ ተኝቶ ጠዋት የተለየ ጠባይ ያላት መኪና ያስነሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ስትገዛ የምትገዛው ዛሬ ያላትን ብቻ አይደለም። ነገ ማን እንደሚነካካትም አብረህ ትገዛለህ። ሁለቱ መኪኖች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ለቻይና የተሠራችው

እኛ አገር የገቡት የቮልስዋገን አይዲ 4ዎች አብዛኞቹ በቻይና የተሠሩ ናቸው። አይዲ 6 ደግሞ ጭራሽ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴል ነው። መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። ምቾታቸው ልብ ይሰርቃል፣ ቦታቸውም ሰፊ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው።

ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ውስጥ ያለው ሲም ካርድ የቻይና ኔትወርክ ነው የሚፈልገው። የስልክ መተግበሪያዋም ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ቆማ ከእናት ፋብሪካዋ ጋር አታወራም። አፕዴት ቢመጣ የሚመጣው በላፕቶፕ፣ በሰው እጅ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ጎበዝ ነው፤ አብሽር ብሎ ቋንቋውን ቀይሮ፣ ካርታ ጭኖ ይሰጥሃል። ግን የሚጭነው ፋይል ለዚያች መኪና፣ ለዚያ ዓመት ምርት የወጣ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ስክሪኑን እንግሊዝኛ ማድረግ አንድ ነገር ነው። ፍሬንና መሪ የሚያዘውን ክፍል መነካካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ደላላው «ራሷ ትነዳለች» የሚለው ነገር ደግሞ አለ። የቻይና መኪኖች አውራ ጎዳና ላይ ራሳቸው ሌይን እየቀየሩ እስከ መውጫው የሚወስዱበት ረዳት የቻይና ካርታ ላይ የቆመ ነው። ካርታው ሐረጎን አያውቃትም። ገንዘብ የከፈልክበት ረዳት እዚህ ጌጥ ነው። ቃሉ ራሱ በአገሩም ጣጣ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ረዳቱ በርቶ ሲሄድ በነበረ መኪና ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር የቻይና መንግሥት አምራቾችን ሰብስቦ ማስታወቂያ ላይ «ራስ ነጂ» የሚል ቃል እንዳይጠቀሙ፣ ያልጸደቀ አፕዴትም ደንበኛ ላይ እንዳይሞክሩ አስጠነቀቀ። ቻይና የከለከለችውን ቃል የኛ ደላላ ገና እየሸጠው ነው።

ለውጭ የተሠራችው

ይቺኛዋ ረዳቷ ያነሰ ነው። ፍጥነቷንና ከፊተኛው መኪና ያላትን ርቀት ራሱ የሚጠብቅ ክሩዝ፣ መስመር ጠባቂ፣ አደጋ ሲመጣ የሚይዝ ፍሬን፤ በቃ። ግን እንግሊዝኛዋ የፋብሪካ ነው። መመሪያ መጽሐፏን ማንበብ ትችላለህ። አስመጪው ወኪል ከሆነ አፕዴቱን የሚጭነው እሱ ነው፤ ከተበላሸም የምትይዘው ሰው አለ። ምናልባት አፕዴቱ በዓመት አንዴ ይመጣ ይሆናል፤ ለዚያውም አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ነድተህ። እኔ ለፍሬን ነገር ይህ መዘግየት አያስከፋኝም።

ሁለቱን መለየት አንዳንዴ ከስሟ ይጀምራል። ለምሳሌ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የሚላትን መኪና በብዙ አገር የሚሸጣት «አቶ 3» (Atto 3) ብሎ ነው። ስሙ ብቻ ግን አያስተማምንም። ቅንብሩን ከፍተህ መኪናዋን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልሳት። ስትነሳ ቻይንኛ ካወራች ነገሩ ገብቶሃል። ሻጩ ይህን እንዳታደርግ ከለመነህም እንደዚያው።

ስለ ቢዋይዲ ካነሳን፣ ሲጋልን የምትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኩባንያው ትንሿን ሲጋል ጨምሮ ብዙ ሞዴሎች ላይ አዲስ የአሽከርካሪ ረዳት ገጠመ፤ 12 ካሜራ፣ 5 ራዳር። ከዚያ በፊት የተመረተችው ሲጋል ይህ ሁሉ የላትም። መልካቸው ግን እህትማማች ነው። «አፕዴት ስታደርጋት ይመጣል» የሚል ሰው ካጋጠመህ ሳቅበት። አፕዴት የሌለ ካሜራ አይገጥምም።

መንገዳችን ላይ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። በዚያች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ለመኪና ረዳት ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። መስመር ጠባቂ የሚያየው የተቀባ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ከተፋቀ ወይ ጉም ከሸፈነው ዕውር ነው። ርቀት ጠባቂው ክሩዝ ደግሞ ጠመዝማዛ ላይ የፊተኛው መኪና ከዓይኑ ሲጠፋ «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ፍጥነት ሊጨምር ይችላል። ቁልቁለት ላይ! አደጋ ጊዜ የሚይዘው ፍሬንም የሠለጠነው በዋናነት ለመኪና፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ነው። አህያ፣ በግ፣ ወደ ባቲ ስትወርድ ግመል፤ እነዚህን አያለሁ ብሎ አልማለልህም።

ስለዚህ ሐረጎ ላይ ክሩዙን አጥፋው። አህያን ስታልፍ ፍሬቻ አሳይ፤ ፍሬቻ ካበራህ መስመር ጠባቂው አይታገልህም። አጎቴ ያን ቀን ፍሬቻ ቢያሳይ ኖሮ መሪው ባልጎተተው ነበር። ሌላም አለ፤ ከረዳቱ ጋር ባይገናኝም ልጨምረው። ደሴ ላይ ባትሪህን ጢም አድርገህ ሞልተህ አትውረድ። ሞተሩ ቁልቁለቱን ወደ ኃይል እየቀየረ መኪናዋን የሚይዝልህ ባትሪው ቦታ ሲኖረው ነው። 100 ከሞላ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። እኔ 80 ላይ ነቅዬ ነው የምወርደው።

እኔ ብሆን ሁለተኛዋን እወስዳለሁ። የዋጋው ልዩነት ትልቅ ከሆነና ረዳቱን እንደሌለ ቆጥረህ በእጅህ የምትነዳ ከሆነ ግን የቻይናዋም አትከፋም። ለአዲስ አበባ ጉዞ ምቾቷን ትወደዋለህ። ባይሆን ከመግዛትህ በፊት የተሠራ ነገር ካለ የነካው ማን እንደሆነ፣ ምን ቁጥር ሶፍትዌር ላይ እንዳለች ጠይቀህ ስክሪኑን ፎቶ አንሳ። ከሠራች አትነካኳት።

ቅዳሜ ሁለቱንም ልናያቸው ሄድን። አጎቴ ጎማም ሞተርም አላየም። ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠና «ና እስቲ፣ ይቺን መሪ ጎታች አጥፋልኝ» አለው ደላላውን። ለውጭ የተሠራችው ላይ አጠፋለት። «አሁን መኪናዋን አጥፍተህ እንደገና አስነሳት።» አስነሳት። ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ ተመልሶ ብልጭ አለ። አጎቴ ወደኔ ዞሮ «ይቺም ያው ናት» አለኝ። ከዚያ ጣቱን ሰድዶ ራሱ አጠፋት። ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የፈጀበት።

«ይቺን እንኳን እለምዳታለሁ» አለና ሊብሬዋን ጠየቀ።