በኮምቦልቻ ለሚገኝ የአኳሪየም ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በደሴና በአካባቢዋ በቤታችሁ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ያላችሁ፣ በተለይም ውሃ እያጣሩ የሚመገቡትን ሽሪምፖች፣ ማለትም ባለ ቅርፊት ትንንሽ የውሃ ፍጥረታት፣ ለማኖር የምታስቡ ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ ይመለከታችኋል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ አኳሪየም የሚሠራ፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚተክልና የሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያ አለ። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አልጠቅሰውም፤ ሥራውን ሳላመሰግን ማለፍ ግን አልወደድሁም። ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት እውነቱን ስለ ነገረኝ ነው።

እኔ የፈለግሁት ባምቡ ሽሪምፕ የሚባለውን፣ በሳይንሳዊ ስሙ አትዮፕሲስ ሞሉከንሲስ የተሰኘውን ዝርያ ቤቴ ውስጥ ማራባት ነበር። አንድ ነጋዴ ወንድና ሴት ከገዛሁ ሌላው በራሱ እንደሚሆን አረጋግጦልኝ ነበር። ይህ ልጅ ግን ሐሳቤን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እንቁላሏን ታቅፋ ያዩአታል፤ ልጆቿን ግን ሲያድጉ አያዩም፤ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋሉ» አለኝ። ነገሩም እንዲህ ነው፦ ሴቷ እጅግ ብዙ ደቃቅ እንቁላሎችን ከሆዷ ሥር ባሉት መቅዘፊያ እግሮቿ መካከል ተሸክማ ትቆያለች፤ የሚፈለፈሉት እጮች በተፈጥሮ መኖሪያቸው በጅረቱ ተወስደው ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ እዚያም በዓይን የማይታዩ የውሃ እፅዋትን እየተመገቡ ቅርጻቸውን ከለወጡ በኋላ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ከቀሩ ግን በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። የወጥ ቤት ጨው በመበጥበጥ የሚፈታ ጉዳይም አይደለም፤ ለባሕር ዓሣዎች ተብሎ የተዘጋጀ ጨው፣ የተለየ ገንዳና በየጊዜው የሚዘጋጅ አረንጓዴ የእጭ ምግብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አሟልተው የሚሳካላቸው ሰዎች በየትም አገር ጥቂት ናቸው። መራባት ማየት ለሚሹት ልጆቼ ቀይ ቼሪ ሽሪምፕ እንድወስድ መከረኝ፤ እነዚህ የባምቡ ሽሪምፕ የቤተሰብ ዘመድ ቢሆኑም ውሃ አያጣሩም፣ ጥቂት ትልልቅ እንቁላል ነው የሚይዙት፣ ጫጩቶቻቸውም በአንድ ወር ገደማ ወላጆቻቸውን መስለው እዚያው በጨው አልባው ውሃ ይወጣሉ። ዋጋቸው ከባምቡው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ምክሩ ለኪሱ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ባምቡዎቹን ለማየት ደስታ ብቻ ወሰድኋቸው። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ፈጥነው በሚወርዱ ጅረቶች የሚኖሩ፣ ስምንት ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ፍጥረታት ናቸው። የፊተኞቹ አራት እጆቻቸው ጫፍ እንደ ወንፊት በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነ ነው፤ ወራጁ ውሃ ላይ ፊታቸውን አዙረው እጆቻቸውን ይዘረጋሉ፣ ብናኙ ሲጠራቀም አንዱን አጥፈው ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ እሱን ሲዘረጉ ሌላውን ያጥፋሉ። እንግዳ ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሱን ነው የሚያየው። ይህ እንዲሆን ግን ውሃው በአንድ አቅጣጫ መፍሰስ አለበት፤ ባለሙያው ፓምፑን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጎ አስሮ፣ ፊት ለፊቱ ግንድና ድንጋይ አስቀምጦ፣ ሽሪምፖቹ የሚቆሙበትን ስፍራ ራሱ በእጁ እየዳሰሰ መረጠ። የፓምፑን መምጠጫም በስፖንጅ ሸፈነው።

የደሴ ከፍታ ያመጣውን ችግር ያስረዳኝም እሱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። የእኛ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ማሞቂያ የግድ ነው፤ እሱ ግን መመሪያዎች እስከ 28 ዲግሪ ቢፈቅዱም በ24 ላይ አቁሞ፣ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ የአየር ፓምፕ ጨመረበት። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚነሣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ከጎኑ አኖረልኝ። መብራት እንዴት እንደሚመላለስ ለምናውቅ ሰዎች ከማሞቂያው ይልቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ እነዚህ ሽሪምፖች እንደ መስታወት በጠራ ውሃ ውስጥ በረሃብ ሊሞቱ መቻላቸው ነው። ስፒሩሊና የተባለውን አረንጓዴ ዱቄት ይበልጥ አልሞ፣ ከገንዳው በቀዳው ውሃ በጥብጦ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ከፓምፑ ፊት ቀስ እያለ ሲለቅ አሳየኝ። ጠብታው ደርሶባቸው እጆቻቸው ሲፈጥኑ ያያል፤ ከዚያ ያቆማል፣ ምክንያቱም የተረፈው ምግብ ተበላሽቶ አሞንያ የተባለ መርዝ ይሆናል። እጃቸውን አጥፈው ወለሉን ሲለቅሙ የሚውሉ ከሆነ ርቧቸዋል ማለት ነው፤ ይህን ምልክት ለባለቤቴም አስረድቷት ነው የሄደ።

ሽሪምፖቹን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት አሻቅቦ ያመጣቸው ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ፣ በሳጥን ውስጥ አድርጎ ነበር። እንደ ደረሰ ገንዳው ውስጥ አልጨመራቸውም፤ ውሃውን እንዲለምዱ ባልዲ ውስጥ አድርጓቸው፣ በጉሉኮስ ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብ እያደረገ ወደ ባልዲው አስገባ፣ መቆጣጠሪያዋን እያጠበበና እያሰፋ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ አጠገቡ ተቀመጠ። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ስለሆነ በቤት ያሉንን የዓሣ መድኃኒቶች አንድ በአንድ አይቶ ሁለቱን ለየልን። የጎረቤት ልጅ ከሐይቅ ያመጣው የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት እዚያው ይግባ ወይ ተብሎ ሲጠየቅም እምቢ አለ፤ ቅርፊቱን ጥሎ ገና ለስላሳ የሆነ ሽሪምፕ ለቆሮሶ ምሳ ነውና። የወለቀውን ቅርፊት የሞተ ሽሪምፕ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፣ ለጥቂት ቀን ተዉት፤ ይበሉታል።

ነቀፌታዬ አንድ ነው፤ በቀጠሮው ሰዓት አይገኝም፣ ሌላ ቤት ሥራ ሳይጨርስ መውጣት ስለማይሆንለት ያስጠብቃል። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፤ ለሠራው ግን አይበዛበትም። እጁ ይባረክ፣ አላህም እድሜና ጤና ይስጠው።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የገንዳችሁን ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ በውሃው ውስጥ ያሉትን መርዞች፣ አሞንያውንና ናይትራይቱን፣ ሳይለካ ሽሪምፕ አይሸጥላችሁም።