«ቻይልድ ሰፖርት እናስከፍልላችኋለን» ከሚል የግል ድርጅት ጋር አትፈርሙ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ይዛችሁ፣ ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ ግን የማይገባላችሁ እናቶችና አባቶች፣ «ካልሰበሰብን አትከፍሉንም» የሚለው ማስታወቂያ አያታልላችሁ። እነዚህ የግል ሰብሳቢዎች ከሚገባው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 በመቶ ይቆርጣሉ። ያንኑ ሥራ የየስቴቱ የቻይልድ ሰፖርት ቢሮ በነጻ ወይም በጥቂት ዶላር ይሠራዋል። የማመልከቻው ክፍያ በፌዴራል ሕግ ከ25 ዶላር አይበልጥም፤ ጭራሽ የማያስከፍሉም ስቴቶች አሉ። ሌላው ክፍያ በዓመት 35 ዶላር ነው። እሱም የሚመጣው ታኒፍ የሚባለውን የገንዘብ እርዳታ ወስዶ በማያውቅ ቤተሰብ ላይ፣ ቢሮው በዓመቱ ቢያንስ 550 ዶላር ካስገባ በኋላ ነው።

ሒሳቡን እዩት። በወር 600 ዶላር ቀለብ ላይ 34 በመቶ ማለት 204 ዶላር ነው፤ በዓመት 2,448። ከልጁ ጉሮሮ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ከመቶኛው ይልቅ የሚያስረው ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው። ብዙ ውሎች ድርጅቱ ድርሻውን የሚወስደው «ከየትም ምንጭ ከሚገባ ክፍያ» ላይ ነው ይላሉ። ስለዚህ የመንግሥት ቢሮው ከአባትየው ደሞዝ አስቆርጦ ያስገባላችሁ ገንዘብ ላይም፣ ድርጅቱ ጣቱን ሳያነሳ፣ ድርሻውን ይጠይቃል። ውዝፉን ብቻ ሳይሆን የወሩን መደበኛ ቀለብ የሚቆርጡም አሉ። ውሉ የሚያበቃው «ውዝፉ ሙሉ በሙሉ ሲከፈል» ከሆነ ደግሞ፣ ወለድ በሚታሰብባቸው ስቴቶች ማለቂያው ሩቅ ነው። ሌላው ወጥመድ ውክልናው ነው፤ በእናንተ ስም ቼክ ለመቀበልና የመክፈያ አድራሻ ለማስቀየር ያስፈርሟችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ደንብ የመንግሥት ቢሮው የሰበሰበውን ቀለብ ልጁን ለሚያሳድገው ሰው በቀጥታ እንዲልክ ስለሚያዝ፣ አንዳንዱ ድርጅት ከባንክ ሒሳባችሁ በራሱ የሚቆርጥበትን ፈቃድ ይጠይቃል። የመንግሥቱን ኬዝ ዝጉ የሚል ካለ ደግሞ ውይይት አያስፈልገውም፣ ተነስታችሁ ውጡ።

ምክንያቱም ጉልበት ያለው መሣሪያ በመንግሥት እጅ ነው። ውዝፉ 500 ዶላር ሲደርስ የፌዴራል ታክስ ተመላሹ ሊያዝ ይችላል፤ ታኒፍ ባለበት ኬዝ 150 ይበቃል። ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ ፓስፖርት ይከለከላል፤ ለበዓል አገር ቤት ለመሄድ ያሰበ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። አሠሪዎች አዲስ ሠራተኛ በ20 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ስላለባቸው፣ ሥራ እየቀየረ የሚሸሽ ሰው ቢዘገይም ይገኛል። የባንክ ሒሳብ መያዝና መንጃ ፈቃድ ማገድም አለ። የግሉ ድርጅት ያለው ስልክና ደብዳቤ ነው። ለአሠሪ የሚልከው የደሞዝ መቁረጫ ትእዛዝ እንኳ ገንዘቡን ወደ ስቴቱ የክፍያ ማዕከል የማያስገባ ከሆነ፣ አሠሪው እንዲመልሰው ነው የፌዴራሉ መመሪያ የሚለው።

እውነቱን ለመናገር ሰው የሚፈርመው የመንግሥት ቢሮው ስለሚያዘግም ነው። ቀነ ገደቦቹን ካወቃችሁ ግን መጠየቂያ አላችሁ። ቢሮ ሄዳችሁ ከጠየቃችሁ ማመልከቻው በዕለቱ፣ በስልክ ከሆነ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ማመልከቻው በደረሰ በ20 ቀን ውስጥ ኬዙ መከፈት፣ የተሰወረ ወላጅ ካለ ደግሞ ሁሉም የመፈለጊያ ምንጮች በ75 ቀን ውስጥ መታየት አለባቸው። «ኬዜ ምን ደረሰ?» ከምትሉ «ኬዜ የታክስ ተመላሹ እንዲያዝ ተልኳል ወይ? የደሞዝ መቁረጫው ለየትኛው አሠሪ፣ መቼ ወጣ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ ልጃችሁን እንዳታስተረጉሙ። በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የቢሮው ጠበቃ ግን የእናንተ ጠበቃ አይደለም፤ የማሳደግ መብትና የጉብኝት ክርክርም እዚያ አይታይም።

የእኛ ሰው ኬዝ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ስም ላይ ነው። ተስፋዬ የሚለው በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ የትውልድ ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይዛባል። ስለዚህ የምታውቁትን የስም አጻጻፍ ሁሉ፣ የአያት ስም ጭምር፣ በማመልከቻው ላይ ጻፉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ የድሮ የታክስ ወረቀት ወይም የደሞዝ ቁራጭ ላይ ፈልጉት። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ቅጂ፣ የልጁ የልደት ወረቀት፣ በየወሩ ምን ያህል ገብቶ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ዝርዝርም ያዙ። እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የመጨረሻ ስም» ሲኖራቸው ኬዝ ወርከሩ ግራ ይጋባልና አስቀድማችሁ አስረዱት።

አባትየው ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ከሆነ ደሞዝ የሚቆርጥ አሠሪ ስለሌለ ነገሩ ይከብዳል። የሚሠራበትን መተግበሪያ፣ የታርጋ ቁጥሩንና የሚጠቀምበትን ባንክ ስጡ። መንጃ ፈቃዱ ቢታገድ ግን ገቢውም እንደሚቆም አትርሱ።

አዲስ አበባ ካለ አባት ቀለብ አመጣለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን ደግሞ አትመኑ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው፣ አገሮች ቀለብ በማስከፈል የሚተባበሩበት የ2007ቱ የሄግ የቀለብ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ያለው መንገድ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው፣ እሱም የአገር ቤት ጠበቃ ሥራ ነው።

የፈረማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የመሰረዣውን አንቀጽና የማስታወቂያ ጊዜውን አንብቡ። የስረዛ ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ውክልናውን የሻራችሁበትን ወረቀት ለቻይልድ ሰፖርት ቢሮውም ለአሠሪውም ስጡ። ባንካችሁ የሚቀጥለውን ቆረጣ እንዲያስቆም ቢያንስ ከ3 የሥራ ቀን በፊት አሳውቁት። ድርጅቱ እምቢ ካለ የስቴቱ አቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፤ ውሉን ከነሙሉ ገጹ አያይዙ፣ የፈረማችሁበት ገጽ ብቻ አይበቃም።