ማርቆስ ላይ ፀጉር ያሠራሁበት፣ ልብስ ያሰፋሁበት፣ ቅባት ያልገዛሁበት

ብዙ ሰው ከውጭ ሲመጣ የመዋቢያውን ነገር አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ ነው ወደ አገር ቤት የሚወጣው። ፀጉሩን ቦሌ ይሠራል፣ ቀሚሱን ሽሮ ሜዳ ይገዛል፣ ከዚያ አባይን ይሻገራል። እኔ ዘንድሮ ሁሉንም ለደብረ ማርቆስ አቆየሁት። ፀጉሩንም፣ ልብሱንም፣ የቆዳውንም ነገር። የሚያዋጣውንም የማያዋጣውንም አይቻለሁ። ለምትሄዱ ይጠቅም ይሆናል።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። በደፈናው ግን በእጅ የሚሠራ ነገር ርካሽ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣው ውድ ነው። የምኖርበት ቶሮንቶ ተቃራኒው ነው። እዚያ ቅባት በቅናሽ ይገኛል፣ ሱሪ ማሳጠር ግን ሱሪውን ከመግዛት አይተናነስም።

ከፀጉር ልጀምር። የሄድኩት ተማሪ ከሚያዘወትራቸው ትንንሽ ፀጉር ቤቶች ወደ አንዱ ነው። ሁለት ካስክ፣ አንድ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያደበዘዘው የሞዴል ፎቶ። ተማሪ የሚበዛበት ቤት ዋጋው አይከብድም፣ የሠሪዎቹም እጅ ሥራ ስለማይፈታ ፈጣን ነው። ልጅቷ ፀጉሬን በጣቷ ፈትለግ አደረገችና «ይኼንማ ፔስትራ ጨርሶታል» አለችኝ፤ የፀጉር መተኮሻውን ማለቷ ነው። አሁን አንድ ውድ ትሪትመንት ልትሸጥልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ቅቤ ታመጫለሽ ወይስ እናስመጣ?» አለች። አስመጣን። ለጋ ቅቤ ነው። ፀጉሬን እየከፈለች ቀባችው፣ በፌስታል ጠቀለለችው፣ ካስክ ውስጥ ከተተችኝ። ሲሞቅ በአንገቴ እየወረደ ነጠላዬን አበላሸው፤ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ። ስታጠብ ግን ፀጉሬ እጅ ላይ እንደ ድሮው ልስልስ አለ።

ቅቤ ተአምር አይሠራም። ፀጉር አያሳድግም፣ የተሰነጠቀ ጫፍም አይገጥምም። ደረቅ ፀጉርን ሸፍኖ ያለሰልሳል፣ ሥራው ይኸው ነው። ፎረፎር ያለባችሁ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ብቻ አስቀቡ፤ ራስ ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ቅባት ፎረፎሩን ያባብሰዋል።

በማግስቱ ሹሩባ ተሠራሁ፣ ቀጭን፣ ወደ ኋላ የተያዘ። እጇ ይባረክ፣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አንድ ቅሬታ አለኝ። ግንባር ላይ አጥብቀው ነው የሚይዙት። ሲያማችሁ «ነገ ይለቃል» ይሏችኋል። ይለቃል፣ ግን በየጊዜው የሚወጠር ፀጉር ከግንባርና ከጆሮ ግንድ እየሸሸ ይሄዳል፤ ከቆየ ደግሞ ጨርሶ የማይመለስ አለ። እኔ ሁለት ጊዜ «ላላ አድርጊው በሞቴ» ብዬ ነው የተረፍኩት። አታፍሩ፣ በሉ።

ልብስ ሰፊው ለእኔ የጉዞው ትልቁ ግኝት ነው። በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ይዘው የሚውሉ ሽማግሌ። ከልጅነቴ የማውቃቸው ናቸው፣ ዛሬም «ጋሸ» ነው የምላቸው። ሰፋፊ ሆነው ሻንጣ ውስጥ የከረሙ ሁለት ሱሪና አንድ ካፖርት ወሰድኩላቸው። ካፖርቱን ገለበጡት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ተከተሉት። «ጨርቁ መልካም ነው፣ የሰፋው ሰው ግን ቸኩሏል» አሉ። ትከሻውን ፈተው እንደገና ገጠሙት። አሁን እንደ አዲስ ነው የምለብሰው። ከአምስት አዲስ ልብስ አንድ በልክ የተስተካከለ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው፤ ልብስ የሚያምረው በልኩ እንጂ በመለያው አይደለም።

ቀጠሮአቸው ግን ቀጠሮ አይደለም። «ነገ» ማለት ከነገ ወዲያ ነው፣ አንዳንዴም ሳምንቱ ነው። ሦስተኛ ቀን ስሄድ ሱሪዬ ተጣጥፎ የተቀመጠበት ቦታ ሳይነካ ቆየኝ። መፍትሔው እዚያው ቁጭ ማለት ነው። ቡና አዝዛችሁ በረንዳው ላይ ከተቀመጣችሁ ሥራው በይሉኝታ ያልቃል።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ ቁምጣ አሰፋ። ያ የጎጃም ገበሬ የሚለብሰው አረንጓዴው። እሱ ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቁምጣውን፣ ሸሚዙን፣ በትከሻው ላይ ጋቢ፣ በእጁ ዱላ ይዞ ሲወጣ ሰፈሩ ሳቀ፣ ከዚያ መረቀው። እግሩ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ከቁምጣው በታች ያለው ነገር ለዓይን ይከብዳል። ቁምጣው ራሱ ግን ለሥራ እንዲመች የተቆረጠ፣ ጠንካራ ጨርቅ፣ ጥልቅ ኪስ። ከተማው ውስጥ ካሉት ቡቲኮች አንዱም ከዚያ የተሻለ የወንድ ልብስ አላሳየኝም።

የሐበሻ ቀሚስ የምትገዙ ከሆነ ከአክስቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጋዴው የዘረጋላትን ጥለት አላደነቀችም። ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን አየች። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ክሩ በጀርባም ይታያል፣ ቀለሙም እዚያው አለ። በማሽን የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጥቶ ይቀራል። ከዚያ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ የእጅ ፈትል ትንሽ ወፈር ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካ ክር ግን ወጥ ነው። «ይኼን ለፈረንጅ ሽጥለት» ብላ መለሰችለት። እኔ ለመግዛት ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ ነበር።

አሁን ወደ ቆዳው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠዋት ጋቢ ያስለብሳል፤ ስለዚህ ፀሐዩ አያታልላችሁ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ጥቁር ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፣ እውነት ነው። ማድያቱን ግን አይከለክልም። አክስቴ ጉንጯ ላይ ያለው ማድያት ከወለደች ወዲህ የመጣ ነው፣ በጋ ላይ ይጠቁራል፣ ክረምት ሲገባ ይደበዝዛል። የፀሐይ ሥራ ነው።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ፍለጋ ፋርማሲዎቹን ዞርኩ። አለ፣ ግን አንድ ሁለት ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ውጭ ከምከፍለው ይበልጣል። አንድ ፋርማሲስት በሐቀኝነት ነገረኝ፦ «ከያዝሽ ያንቺን ተጠቀሚ፣ ይኼን በውድ አትግዢ።» ፊት የሚያነጣ ክሬም አጠገቡ ተደርድሮ ሳለ እንዲህ የሚል ነጋዴ ብርቅ ነው። ለማድያት ደግሞ ቡናማ ቀለም ያለበትን ሰንስክሪን ፈልጉ። ቀለሙ ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ በዓይን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይመልሳል፤ ማድያትን ያ ብርሃንም ያባብሰዋል። ፊት ላይ ነጭ ዱቄት መስሎም አይቀርም። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ከሆነ ይበቃል። በትክክል ከተቀባ ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያግዳል፣ 50 የሚለው ወደ 98 ነው። ልዩነቱ ለኪስ እንጂ ለፊት አይታወቅም። ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ያስፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደግመዋል።

ለማይችል ሰውስ? ጎጃም ያለ ሴት መልሱን ድሮ ታውቀዋለች። ጃንጥላ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ መንገዱን እዩት፣ ዝናብ ሳይኖር ሁሉም ዘርግቶ ነው የሚሄደው። ልጅ ሆኜ የአሮጊት ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ጥቁሩን፣ ጥቅጥቅ ያለውን ገዝቼ ያዝኩ፤ ከሁሉም ክሬም በላይ ዕድሜ አለው።

በካርቶን የታሸገውን የሚሸጠው ኮስሞቲክስ ሱቅ ላይ ነው የተናደድኩት። ስሙን አልጠራም። ሻጯ ገና ሳልጠይቃት «ለፊትሽ የሚያጠራ አለኝ» ብላ ቱቦ አወጣች። ሳጥኑን አየሁት፣ ክሎቤታሶል አለበት። ይህ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፣ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ በሽታ የሚያዘው። ፊት ላይ በየቀኑ ሲቀቡት መጀመሪያ ያፈካል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሌላኛው ቱቦ ላይ የተጻፈ ነገር ጭራሽ የለም። የዚያኛው ይብሳል። እንዲህ ካለው ውስጥ ሜርኩሪ የሚገኝበት አለ፣ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ሳጥን ላይ «ካሎሜል» የሚል ካያችሁ ሜርኩሪ ነው፣ አስቀምጡና ውጡ። ጠይም እየተባለ በሚዘፈንበት አገር ለመንጣት ይህን ያህል መክፈል አልገባህ ብሎኛል፤ ግን ልጃገረዶቹን አልወቅስም። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሁሉ ያንን ነው የሚነግራቸው።

ሎሚም ተመክሮልኛል፣ ያውም በማር። ማሩን ብሉት። ሎሚ ፊት ላይ አድርጎ ፀሐይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል፤ ሊያጠፉት የፈለጉትን ነገር ራሱ ያመጣል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተቀባሽ ካላችሁኝ፣ ቫዝሊንና ግሊሰሪን። ሁለቱም በየፋርማሲው አሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ማኪያቶና ኬክ ብዙ አይርቁም። ዘዴው ሰዓቱ ላይ ነው። ታጥባችሁ ፊታችሁ ገና እርጥብ እያለ። ቫዝሊን በራሱ እርጥበት የለውም፣ ያለውን እንዳይተን ይይዛል። ደረቅ ቆዳ ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚቆልፈው። ግሊሰሪኑን ውኃ ቀላቅሉበት፣ በደጋ ደረቅ አየር ብቻውን አይሆንም። ብጉር የሚበዛበት ሰው ቫዝሊኑን ለእጅና ለተረከዝ ይተወው። ተረከዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰንጠቁን ያቆመው በዚህ ነው፣ ማታ ቫዝሊን፣ ላዩ ላይ ካልሲ።

እንሶስላም ሞቅሁ። አክስቴና ጎረቤቶቿ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ ለብ አድርገው፣ እጅና እግራችንን በጨርቅ ጠቅልለውልን ስናወራ አመሸን። እጅ ታስሮ ቡና መጠጣት የሚቻለው ሌላ ሰው ሲያጠጣ ነው፣ ሳቁ ከዚያ ይመጣል። ጠዋት መዳፌ ቀላ። ይህን የትኛውም የጥፍር ቤት አይሰጠኝም፣ የተከፈለውም ቡናና ቆሎ ነው።

ሊስትሮዎቹ አሥር ላይ አሥር ናቸው፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ለምትሄዱ፦ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ለዘመድ ሽቶ ከምትገዙ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ያዙ፣ የሚያበቃበትን ቀን አይታችሁ፤ ለእናትና ለአክስት ከሆነ ደግሞ እንዴት እንደሚቀባ አሳዩአቸው፣ አለበለዚያ ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ጥር ላይ የምትደርሱ ከሆነ ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ስለሚበረታ ፀጉር ቤት ወረፋው ከጠዋት ይጀምራል። ልብስ ሰፊው ጋ ግን ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ሂዱ።