አርዲ350፣ ኤች1 ወይስ ጂቲ750? አሮጌ ባለሁለት ምት ሞተርሳይክል ለመግዛት ላሰበ

የ1970ዎቹን ጃፓን ሠራሽ ባለሁለት ምት (ፒስቶኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር ቤንዚን የሚያቃጥል) ሞተርሳይክል ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ከሦስቱ አንዱ ላይ ያርፋል። ያማሃ አርዲ350፣ ካዋሳኪ 500 ኤች1፣ ሱዙኪ ጂቲ750። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱም ያጨሳሉ፣ ሦስቱም ዘይት ይበላሉ፣ ሦስቱም ከጎረቤት ያጣላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያመሳስላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና በገዛ እጁ ለሚጠግን ሰው፣ አርዲ350። ረጅም መንገድ መንዳት ለሚወድ ጂቲ750፣ ግን የሞተሩ የታችኛው ክፍል ደህና ከሆነ ብቻ። ኤች1 ደግሞ ሌላ የሚነዳው ሞተርሳይክል ላለው ሰው ነው። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያማረኝ ኤች1 ነው» የሚል ካለ አልከራከረውም። ምኞት በንጽጽር አይሸነፍም። ቢሆንም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተለውን ያንብብ።

መጀመሪያ የማይታየውን እዩ

አብዛኛው ገዢ የሚያየው ቀለሙንና ክሮሙን ነው። ዋጋውን የሚወስነው ግን ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም የፒስቶኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በባለሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና አየሩ ተደባልቀው መጀመሪያ የሚገቡት ክራንክሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው። ፒስቶኑ ሲወርድ ድብልቁን ያምቀውና በሲሊንደሩ ጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ያ ክፍል አየር ማሳለፍ የለበትም። አየር እንዳያልፍ የሚይዙት ደግሞ በክራንክሻፍቱ ጫፎች ላይ ያሉት ፓራዎሊዮዎች፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች ናቸው።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በጀነሬተሩ በኩል ያለው ካፈሰሰ ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል። ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ቅዝቃዜም ያንሳል። ፒስቶኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይጮሃል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ካፈሰሰ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ተስቦ ይቃጠላል። ያኔ ጭሱ ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ ሞተሩ ሞቆም አይቆምም። በብርድ ሲነሳ ትንሽ ማጨሱ ግን ጤናው ነው፤ በዚያ አትደንግጡ።

ሌላው ጠላት ዝም ብሎ መቆም ነው። የክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎች ሞተሩ ሲሠራ ከሚደርሳቸውና ተቃጥሎ ከሚያልቀው ጥቂት ዘይት በቀር ሌላ ማለስለሻ የላቸውም። ሞተርሳይክሉ ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ከቆመ እርጥበት ገብቶ ያዝገዋቸዋል። «15 ዓመት አልተነዳም፣ እንደ አዲስ ነው» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ዋጋውን ወደ ታች አስቡት።

አሁን ንጽጽሩ ላይ እንምጣ። የአርዲ350 ክራንክሻፍት ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው የሚሸከመው። አጭር ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰውም ብዙ ነው። ኤች1ና ጂቲ750 ባለሦስት ሲሊንደር ናቸው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያሉት ፓራዎሊዮዎች ክራንክሻፍቱ በፕሬስ ተለያይቶ እንደገና ካልተገጠመ አይቀየሩም። ሲገጠም ደግሞ ቀጥ ብሎ መሽከርከሩ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ለስፔሻሊስት ተልኮ ወረፋ የሚጠበቅበት ነው። ሂሳቡም በተለይ በጂቲ750 ላይ ያስደነግጣል።

አርዲ350፦ ትንሹ ተንኮለኛ

በ1973 ወጣ። 347 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 39 የፈረስ ጉልበት። የማርሹ ብዛት ስድስት፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን። ከሱ በፊት ከነበረው አር5 የሚለየው ትልቁ ነገር በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል የተጨመሩት ቀጫጭን የብረት ምላስ ቫልቮች ናቸው። ድብልቁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። በዚህ የተነሳ በዝቅተኛ ዙርም ይታዘዛል፣ ከተማ ውስጥ አያስቸግርም። ዙሩ በደቂቃ 6,000 አካባቢ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳ ሰው እዚያ ላይ ሳያስበው ይስቃል።

ክብደቱ ከ150 ኪሎ ብዙም አይርቅም። መንገዱ ጠመዝማዛ ከሆነ ከሱ በእጥፍ የሚበልጥ ሞተር ያለውን ያሳፍራል። የያማሃ የእሽቅድድም ሞተርሳይክል ቲዜድ350 ዘመዱ ስለሆነ የማሻሻል ልምዱ የተከማቸ ነው። ክፉ ጎኑም ከዚሁ ይመጣል። ብዙዎቹ አርዲዎች በወጣቶች እጅ አልፈዋል። ሲሊንደራቸው ተፍቋል፣ ማርሚታቸው ተቀይሯል፣ ሽቦአቸው ተቆራርጧል። ያልተነካካ አርዲ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙት።

መለዋወጫ በኩል ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም። ለሪቲፊካ (የተጎዳ ሲሊንደርን ፍቆ ለማስፋት) ከመጀመሪያው እስከ 1 ሚሊሜትር የሚሰፉ ፒስቶኖች ነበሩት፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ከአንዴ በላይ ሊዳን ይችላል። ሲሊንደሮቹ የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ ቢጎዳ ሌላውን መንካት ግድ አይልም። ፑንቲናውን (ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስነውን መገናኛ) ማስተካከል በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነገር ነው፤ ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ 2 ሚሊሜትር ሲቀረው ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ታደርጋላችሁ። የሚያስፈልገው የፒስቶኑን ርቀት የሚያሳይ ባለቀስት መለኪያና ትዕግሥት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕንድ ውስጥ ኤስኮርትስ የተባለው ኩባንያ ከ1983 ጀምሮ ይህንኑ ሞተርሳይክል ራጅዱት 350 በሚል ስም አምርቶ ነበር። ጉልበቱ ተቀንሶለታል፣ ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን ነው። በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን በአርዲ ዋጋ አይገዛም።

ኤች1፦ ስሙ የቀደመው

ካዋሳኪ ይህን ሞተርሳይክል በ1969 ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ 498 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደቱ 174 ኪሎ ገደማ። ዋጋው 999 ዶላር። ሩብ ማይልን በ12.4 ሰከንድ ይጨርሳል ብሎ ካዋሳኪ ራሱ ያስተዋውቅ ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ዋጋ እንዲህ የሚሮጥ አልነበረም። የፊት ጎማው በየአጋጣሚው ከመሬት ይነሳ ስለነበር አሜሪካኖቹ «ባል ገዳይ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል አወጡለት።

ችግሩ ሞተሩ ከሻሲውና ከፍሬኑ ቀድሞ መሄዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታምቡር ፍሬን ናቸው። ጉልበቱ ደግሞ ቀስ እያለ አይመጣም፤ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ያውም መታጠፊያ መሃል ላይ። ማርሹም ለማያውቀው ወጥመድ አለው። ፎሌው (ባዶው ማርሽ) ከሁሉም ማርሽ በታች ነው፤ አንደኛ ላይ ነኝ ብላችሁ ወደ ታች ስትረግጡ ሞተሩ ባዶውን ይጮሃል። ይለመዳል፣ ግን ከሌላ ሞተርሳይክል ላይ ወርዶ ለሚወጣበት ሰው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። የቤንዚኑን ነገር አታንሱት። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ማደያ ቆጥራችሁ ነው የምትነሱት።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ የ1969ኙን ትፈልጋላችሁ፤ ከኤች1ዎቹ ውዱ እሱ ነው። ለሚነዳ ሰው ግን አልመክረውም። እሳት የሚያድለው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓቱ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ ዛሬ ከተበላሸ ኦሪጅናሉን ማግኘት መከራ ነው። የ1972ቱ ኤች1ቢ በፑንቲና የሚሠራ ሲሆን ከፊት ዲስክ ፍሬን አለው። ሰብሳቢዎቹ ብዙም አያሯሩጡበትም። እኔ በበኩሌ ልነዳው ከሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ሲገዛ ዓይን መጣል ያለበት ማርሚታዎቹ ላይ ነው። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ኦሪጅናሎቹ ካልበሰበሱ ሞተርሳይክሉ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ውድ ከሚባሉት ይመደባሉ። ርካሽ ኤች1 ስታገኙ ብዙ ጊዜ የጎደለው እነሱ ናቸው። እነሱን ፈልጎ ለማግኘት የሚወጣው ገንዘብ «ርካሽ» የተባለውን ልዩነት ይውጠዋል።

ጂቲ750፦ ውኃ የሚጠጣው

ሱዙኪ ይህንን ከ1971 እስከ 1977 ሠራ። 738 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። ራዲያተር የተሸከመ የመንገድ ሞተርሳይክል ያኔ ብርቅ ነበር። አሜሪካኖች «የውኃ ጎሽ» አሉት፣ እንግሊዞች «ማንቆርቆሪያ»። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጉልበቱ 67 ፈረስ ሆኖ ከ210 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከኤች1 ጋር ለመሮጥ አልተሠራም። ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ለስላሳ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ ቀኑን ሙሉ መሄድ ይችላል። ከሦስቱ በሞተሪኖ የሚነሳውም እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በእግር ይረገጣሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህቺን ነጥብ በቀላሉ አይያት።

የውኃው ጥቅም መሃለኛው ሲሊንደር ላይ ይታያል። በአየር በሚቀዘቅዝ ባለሦስት ሲሊንደር ሞተር መሃለኛው ከሁለት ጎረቤቶቹ መካከል ተቀምጦ ነፋስ ይነፈጋል። ጂቲ750 ላይ ሙቀቱ እኩል ይከፋፈላል። ግን ውኃ ካለ ዝገት አለ። የቀድሞ ባለቤቶች ተራ የቧንቧ ውኃ ሲሞሉበት ኖረው ከሆነ የውስጥ መተላለፊያዎቹ ይደፈናሉ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና እዩ። ውኃው ቡናማ ከሆነ ድርድሩን እንደገና ጀምሩ።

ሌላው ከባድ ነገር ሦስቱም ሲሊንደሮች አንድ ወጥ ብሎክ ናቸው፤ ቴስታታውም አንድ ነው። አንዱ ሲሊንደር ቢጎዳ ሦስቱንም ማውረድ ነው። የዘይት ፓምፑም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዘይቱን ለሲሊንደሮቹ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለክራንክሻፍቱ ኩሽኔታዎችም ያደርሳል። ባለቤቱ «ፓምፑን ነቅዬ ዘይቱን ቤንዚን ላይ ነው የማፈሰው» ካላችሁ፣ ኩሽኔታዎቹ ድርሻቸውን ሲያገኙ አልኖሩም ማለት ነው። አመስግናችሁ ተለያዩ።

የትኛው ዓመት? የመጀመሪያው ከፊት ግዙፍ ታምቡር ፍሬን ነበረው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለሰብሳቢ ይሆናል። ከ1973 ጀምሮ ከፊት ሁለት ዲስክ ሆነ። ይህን የሚያህል ክብደት ለማቆም ዲስኩ ይሻላል።

የምትኖሩበት ከፍታ

ይህ ሦስቱንም ይመለከታል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። እዚያ የሚነዳ ሰው አነስ ያለ ጂግለር (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥን ባለቀዳዳ ቁራጭ) ይገጥማል። ያ ሞተርሳይክል ቆላ ላለ ሰው ከተሸጠ ግን ጂግለሩ ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ ቤንዚን ያንሰዋል። ከላይ ያልኩት ፒስቶን የመንከስ ጣጣ ይከተላል። ስለዚህ ሻጩን የት ሲነዳው እንደነበር ጠይቁት።

ረጅም ቁልቁለት ላይም እንዲሁ ነው። ነዳጅ መስጫውን ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ከወረዳችሁ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየዞረ የሚደርሰው ዘይት ግን ትንሽ ነው። እየወረዳችሁ አልፎ አልፎ ትንሽ ስጡት።

ልትከፍሉ ስትሉ

ቀጠሮ ስትይዙ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ንገሩ። ስትደርሱ ማርሚታው ከሞቀ ሻጩ የደበቀው የማስነሳት ችግር ይኖራል። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን አወዳድሩ። አንዱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ከሆነ አንድ ሲሊንደር ታሟል።

ከገዛችሁ በኋላ፣ ከመንዳታችሁ በፊት የግፊት ምርመራ አድርጉ። የካርቡራቶሩንና የማርሚታውን ቀዳዳዎች ዝጉና 0.4 ባር ያህል አየር ሙሉበት። ለ6 ደቂቃ ሳይወርድ ከቆየ ፓራዎሊዮዎቹ ደህና ናቸው። ከወረደ የሳሙና ውኃ እየቀባችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ አንድ የተነከሰ ፒስቶን ከሚያስወጣው ጋር አይወዳደርም።

ቁጥሮቹን ስታመሳክሩ ደግሞ ኩባንያዎቹን አትቀላቅሉ። በአርዲ350 ላይ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ ከተለያየ ሞተሩ ተቀይሯል። በኤች1 ላይ ግን ሲወጣም ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ነበሩ፤ ይቀራረባሉ እንጂ አይገጥሙም። «ቁጥሩ አይገጥምም» ብላችሁ ጥሩ ኤች1 ጥላችሁ እንዳትሄዱ። «ቁጥሩ ልክ ይገጥማል» የተባለ ኤች1 ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተመታበትን ሁኔታ በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብላችሁ እዩት።