ከስምንት ወር በኋላ፦ አንድ ዲጂታል ቴስተርና አልፎ አልፎ የምትጠፋ የ1972 ቮልስ

ይህ የአንድ ዲጂታል ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ግምገማ ነው። ሆኖም ቴስተሩ ከሞላ ጎደል ዕድሜውን ሁሉ ያሳለፈው በአንዲት መኪና ላይ ስለሆነ ስለ መኪናዋ ሳልናገር ስለ ዕቃው መናገር አልችልም። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ፣ ስትሆን ከአባቴ የተረፈችልኝ ናት። ባለፈው መስከረም ሁለት ጠባይ አመጣች። ጠዋት በአንድ ዙር ቁልፍ የምትነሳው መኪና ግማሽ ሰዓት ተነድታ ከቆመች በኋላ ቁልፉ ሲዞር አንዲት «ቀጭ» የምትል ድምፅ ብቻ አሰምታ ዝም ትላለች፤ አንዳንዴ ያቺም ድምፅ አትሰማም። ሁለተኛው ደግሞ፣ በተለይ የትራፊክ መብራት ላይ ጋዝ ለቅቄ ልቆም ስል፣ ሞተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ ይላል፤ አሥር ደቂቃ ከጠበቅኩ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ቴስተሩን ከመግዛቴ በፊት ለሁለት ወር ያህል የተከተልኩት መንገድ አብዛኞቻችን የምንከተለው ነው። ባትሪው ተቀየረ፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ወርዶ ካርቦኑ ታደሰ፤ ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው)፣ ካንዴላዎቹና የቤንዚን ፖምፓው በየተራ አዲስ ሆኑ፤ ከዚያም ቤንዚኑ እንዳይሞቅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ የመጠቅለል ምክር ተሰጠኝና ጠቀለልኩ። የሚገርመው እያንዳንዱ ጥገና ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሠራ መስሎ መታየቱ ነው። ብልሽቱ በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ሲሆን የተጠገነ መኪናና ለጊዜው ብልሽቱን የደበቀ መኪና አይለዩም፤ በዚህም ምክንያት የቀየርኩትን ዕቃ ሁሉ መድኃኒቱ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ይህን ስል መካኒኮቹን ልወቅስ አይደለም፤ ጋራዥ ስትደርስ ሁልጊዜ ደህና የምትሆን መኪናን ማንም ቢሆን በግምት ከማከም ሌላ ምርጫ የለውም።

ቴስተሩን ኅዳር መጀመሪያ ላይ መርካቶ ገዛሁት፤ ዋጋው የአንድ አዲስ ባትሪ ሩብ አይሞላም። ቮልት፣ ኦምና አምፔር ይለካል፣ ሽቦ መቀጠሉን በድምፅ ይናገራል፣ የኮንደንሰርን መጠን ያሳያል፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ የሚይዝ ቁልፍም አለው። የሚሠራው በ9 ቮልት ባትሪ ነው። እስከ 600 ቮልት እንደሚችል ተጽፎበታል፤ ይህም በአሮጌ መኪና ላይ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ፑንቲናው (የቦቢናውን ጅረት የሚዘጋና የሚከፍት ማብሪያ) በተከፈተ ቁጥር በቦቢናው ዝቅተኛ ቮልት ጎን ላይ ለቅጽበት ጥቂት መቶ ቮልት ይነሳል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከንኩት በኦም መለኪያው ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የተቀመጡት በጎማ ላይ ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው፣ መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት፣ በካምቢዮው ፊት በኩል የታሰረ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ መቀነት ነው። መሬት ላይ ተኝቼ ጫፍና ጫፉን ስለካ ቴስተሩ 0.3 ኦም አለኝ። የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም ያው 0.3 አለ፤ ማለትም መቀነቱ ምንም ተቃውሞ የለውም፣ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ስህተት ነበር። በኋላ አንዱን ሽቦ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ልጄን ቁልፍ እንዲያዞር ሳደርግ በሁለቱ መካከል 0.9 ቮልት ታየ። ሁለቱም ማሳ ናቸውና መታየት የነበረበት ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ቁጥር ነው። ሞተሪኖው ሲዞር 150 አምፔር ያህል ይስባል ብንል፣ 0.9 ቮልት የሚያጠፋው ተቃውሞ 0.006 ኦም ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እንዲህ ያለ ቴስተር በኦም በኩል ጨርሶ ሊያየው አይችልም። መቀነቱን ፈትቼ ሳወጣው ከክሮቹ ከግማሽ በላይ ተበጥሰው፣ የቀሩትም አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር። በአዲስ ከተካሁትና የሚታሰርበትን ብረት እስኪያበራ ከፋቅሁ በኋላ ያው ልኬት ወደ 0.15 ወረደ።

በእኔ አስተያየት ቴስተሩ ዋጋውን የመለሰው በዚያ ቀን ነው። ሽቦ በእረፍት ላይ እያለ የሚሰጠው መልስ ሸክም ላይ እያለ ከሚሰጠው ጋር አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በአሮጌ መኪና ላይ የኦም መለኪያውን ትቼ፣ መብራቱ እየበራ ወይም ሞተሪኖው እየዞረ፣ የት ቦታ ላይ ስንት ቮልት እንደሚጠፋ ወደመከታተል ዞርኩ።

መቀነቱ መቀየሩ ሞተሪኖው ሲዞር ፈጣን አደረገው፤ ሞቆ እምቢ የማለቱን ጠባይ ግን አላጠፋውም። በዚህ ጊዜ ከሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሮማግኔት) ቁጥር 50 ተብሎ ከሚታወቀው መያያዣ ረጅም ሽቦ ስቤ፣ ባትሪው በሚገኝበት በኋላ ወንበር ሥር አሳልፌ ወደ ሾፌሩ ወንበር አመጣሁና ቴስተሩን አጠገቤ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን፣ ቦሌ አካባቢ ቡና ጠጥቼ ስመለስ፣ «ቀጭ» አለች። ቁልፉን እንደያዝኩ ቁጥሩን አየሁ፤ ባትሪው ላይ 12.1 ቮልት ሲሆን ሶሌኖይዱ ጋ የደረሰው 7.8 ብቻ ነበር። በቮልስ ላይ ይህ ጅረት ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መሪው ሥር ባለው የቁልፍ ኮንታክት ያልፋል፣ ተመልሶም ወደ ኋላ ይመጣል፤ መኪናዋ 4 ሜትር ያህል ርዝመት እንዳላት ስናስብ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽቦና በየመንገዱ ያሉት መያያዣዎች የሚያጠፉት ቮልት ብዙ ቢሆን አይገርምም። አንድ በአንድ ስለካ የቁልፉ ኮንታክት ብቻውን 1.9 ቮልት ይበላ ነበር። ሲሞቅ ለምን ይብሳል ለሚለውም መልሱ እዚያው ነው። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃውሞው 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት አቅራቢያ የተቀመጠው ሶሌኖይድ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር የሚስበው ጅረት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በብርድ በጭንቅ የሚበቃው ቮልት በሙቀት አይበቃም ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ባለ አራት እግር ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቅ ጅረት የሚያበራ ማብሪያ) ከሞተሪኖው አጠገብ አስሬ፣ የቁልፉ ሽቦ ሪሌውን ብቻ እንዲቀሰቅስ፣ ሶሌኖይዱ ግን ጅረቱን በቀጥታ ከባትሪው ገመድ እንዲያገኝ አደረግኩ። ከጥር አጋማሽ ወዲህ አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም።

የሁለተኛው ብልሽት ነገር ረጅም ትዕግሥት ጠይቋል። ያማከርኳቸው ሁሉ «ቤንዚን ሞቆበት ነው» ይሉኝ ነበር፤ አነጋገራቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ቤንዚንም ቀድሞ ይተናል። ነገር ግን መብራት ላይ ቀስ ብሎ እየተንገዳገደ የሚጠፋ ሞተርና እንደ መብራት ማጥፊያ በቅጽበት የሚጠፋ ሞተር አንድ አይደሉም፤ የእኔዋ ሁለተኛው ዓይነት ነበረች፣ ይህም ወደ ኤሌክትሪኩ ይጠቁማል። መጀመሪያ ቴስተሩን በቦቢናው ቁጥር 15 ላይ፣ ማለትም ከቁልፍ በሚመጣው በኩል፣ ጠመድኩት። ሳሪስ ላይ ስትጠፋ ንባቡ 12.2 ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ስለዚህ ከቁልፍ ወደ ቦቢና የሚመጣው መንገድ ነጻ ሆነ። ካርቡራቶሩ ላይ ያለችው የሚኒሞ (ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲሠራ ቤንዚን የምታሳልፈው) ኤሌክትሪክ ቫልቭም የምትመገበው ከዚሁ መስመር ስለሆነ በከፊል እሷም ከጥርጣሬ ወጣች።

ከዚያ ቴስተሩን ወደ ቁጥር 1፣ ወደ ፑንቲናው በሚወስደው በኩል፣ አዛወርኩት። ሞተሩ ሲሠራ በዚህ ቦታ ፑንቲናው እየተዘጋና እየተከፈተ ስለሆነ ቴስተሩ አማካዩን ወስዶ በ6 እና በ8 ቮልት መካከል ሲዋልል ያሳያል። በስድስተኛው ቀን ስትጠፋ ወዲያው ሞተሪኖውን አዞርኩ፤ ንባቡ 12 ላይ ተተክሎ አልነቃነቅ አለ። ሞተሩ እየዞረ ይህ ከሆነ ፑንቲናው ቢዘጋም ጅረቱ ማሳ አላገኘም ማለት ነው። ቤት ደርሼ ፑንቲናው ያለበትን፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ካነሳሁ በኋላ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ እያለ፣ ወደ ፑንቲናው የምትገባዋን አጭር ሽቦ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብዬ ስገፋት ንባቡ ከ0.1 ወደ 12 ዘለለ፤ ስለቃት ተመለሰ። ሽቦዋ ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የላትም፤ ውስጥዋ ግን ተበጥሶ የተበጠሱትን ጫፎች ያገናኛቸው ልባሱ ብቻ ነበር። ጋዝ ሲሰጥና ሲለቀቅ ቫኪዩሙ (የሞተሩ አየር መሳብ) ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ወዲያና ወዲህ ስለሚያዞረው፣ ሽቦዋ ለዓመታት ስትታጠፍ ኖራ መብራት ላይ ጋዝ በለቀቅሁ ቁጥር ትለያይ ነበር። ሲሞቅ ደግሞ ልባሱ ስለሚላላ ይብሳል። አዲስ ፑንቲና ከሽቦው ጋር ሶማሌ ተራ ገዝቼ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ላይ አሰርኩት። የከፈልኩት ገንዘብ ቀድሜ በከንቱ ከቀየርኩት ቦቢና ጋር ሲነጻጸር የሚጠቀስ አይደለም፤ ቦቢናውን ለማስታወሻ ይሁን ለቁጭት አላውቅም፣ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እንዲህ ሲነገር ቴስተሩ እንከን የለሽ ይመስላል፤ አይደለም። ካልነኩት ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ብልሽቷ ደግሞ የምትመጣው በሃያኛው ደቂቃ ነው። ይህን እስካውቅ ሁለት ጊዜ አምልጣኛለች፤ ሲበራ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ይህን ማስቀረት እንደሚቻል መመሪያው ላይ በጣም ትንሽ ጽሑፍ ሰፍሯል። ንባቡን የሚያድሰው በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ስለሆነም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ተበጥሶ የሚመለስ ጅረት አይታየውም፤ ዝቅተኛውን ይይዛል የተባለው ቁልፍም እንዲሁ ያመልጠዋል። የፑንቲናውን ኮንደንሰር ስለካ 0.22 ማይክሮፋራድ፣ ማለትም ልክ መሆን ያለበትን አሳየኝ፤ ነገር ግን ቴስተሩ የሚፈትነው በጥቂት ቮልት ነው፣ ኮንደንሰሩ በሥራ ላይ የሚሸከመው ጥቂት መቶ ቮልትና ሙቀት ስለሆነ በዚህ ንባብ ተማምኜ ደህና ነው ልል አልችልም። አብረውት የመጡት ሽቦዎችም ደካሞች ናቸው፤ አንደኛው መጋቢት ላይ ጭስ ማውጫው ነክቶት ቀለጠና መንከሻ ጫፍ ባላቸው ወፍራም ሽቦዎች ተካኋቸው። የሚገዛ ሰው እነዚህን ከመጀመሪያው አብሮ ቢገዛ ይሻለዋል።

ስለ ቤንዚን ደግሞ ቴስተሩ ምንም አይናገርም፤ ግንቦት ላይ ወደ አዳማ ስሄድ ይህን በተግባር አየሁት። ቢሾፍቱን አልፌ በቀጥታው መንገድ ላይ ሳለሁ ሞተሩ ጉልበት እያጣ፣ እየተንገዳገደ ጠፋ። ቁጥር 15 ደህና፣ ቁጥር 1 ደህና፤ ስለዚህ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ትቼ የፖምፓውን መግቢያ ጎማ ፈታሁ፤ ከፊት ካለው ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) የመጣው ቤንዚን እንደ እንባ ይንጠባጠብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፍሰቱ በራሱ ተመለሰ። ሰልባትዮው ውስጥ የተራገፈው ዝገት በመውጫው ወንፊት ላይ ተለጥፎ፣ ሞተሩ ሲቆምና መሳቡ ሲቀር መልሶ ይወድቅ ኖሯል። ሰልባትዮው ታጥቦ ወንፊቱ ከተቀየረ ወዲህ ይህ አልተደገመም።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። ባለ አንድ አምፖል መፈተሻ በእጁ ያለው ሰው ጅረት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ቴስተር አያስፈልገውም፤ እንዲያውም አምፖሉ ራሱ ሸክም ስለሚሆን አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ይናገራል። 12.1 እና 7.8ን ለመለየት ግን አምፖሉ መፍዘዙን በዓይን መገመት አይበቃም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዲናሞው ስንት እየሞላ እንደሆነ ስለካ 15.6 ቮልት አሳየኝ። ባትሪው ሊቃጠልብኝ ነው ብዬ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠር) ለመግዛት ሶማሌ ተራ ድረስ ከሄድኩ በኋላ፣ ሻጩ የራሱን ቴስተር አምጥቶ ለካልኝና 14.1 ሆኖ ተገኘ። የእኔው ማሳያ ጥግ ላይ ትንሽ የባትሪ ምልክት በርታ ነበር፤ የ9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ንባቡን ከእውነተኛው በላይ ከፍ ያደርገዋል። ባትሪውን እዚያው ቀየርኩለት፤ ሬጉሌተሩን ሳልገዛ ተመለስኩ።