ለ1970 ሼቨሌ የካምፐር መጎተቻ ዕቃዎች፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1970 ሼቭሮሌ ሼቨሌ ማሊቡ ነው፤ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር፣ ባለ ሦስት ማርሹ ቲኤች350 አውቶማቲክ ካምቢዮ። ከኋላው የምትታሰረው ደግሞ እንደ ስካምፕ ያለች 13 ጫማ የፋይበርግላስ ካምፐር። ባዶዋን ከ1,200 እስከ 1,500 ፓውንድ ትመዝናለች፤ ውሃው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ምግቡና ፍራሹ ሲገባባት ወደ 1,900 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 860 ኪሎ ትጠጋለች። እነዚህን ሁለቱን ለማጋባት ገበያ ላይ ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዳንዶቹ የግድ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከንቱ ወጪ፣ አንድ ሁለቱ ጭራሽ ጉዳት ያመጣሉ።

ከሞተሩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ነውና። ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተሩ 350 ከፋብሪካ ሲወጣ 250 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነው። በዚያ ዘመን አለካክ ሞተሩ ብቻውን ተነጥሎ ስለሚለካ ጎማው ላይ የሚደርሰው ከዚህ በደንብ ያንሳል፤ ቢሆንም ለ860 ኪሎ ይተርፋል። ትልቅ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) መግጠም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ያሸሸዋል፣ ካምፐር ግን የምትፈልገው ዝቅተኛ ዙር ላይ ያለውን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቫኪዩሙ ነገር ነው። የፍሬን ሰርቮ (በሞተሩ ቫኪዩም የሚሠራው የፔዳል ማገዣ) በደንብ እንዲያግዝ ሞተሩ በሚኒሞ ከ16 እስከ 18 ኢንች ሜርኩሪ መሳብ አለበት። ትልቅ ካም የገባበት ሞተር እዚህ አይደርስም፤ ሲያጓራ ጆሮ ደስ ይለዋል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩን ተዉት። ካንዴላ፣ የማቀጣጠያ ጊዜ፣ ንጹህ ካርቡሬተር፣ በቃ።

የመጀመሪያው ገንዘብ የፊት ዲስክ ፍሬን ላይ መውደቅ አለበት። በርካታ ማሊቡዎች በአራቱም ጎማ 9.5 ኢንች ታምቡር ይዘው ነው የወጡት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይወርዳል። መኪናው ብቻውን ሲሆን ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ ከኋላ 860 ኪሎ እየገፋ ረጅም ቁልቁለት ሲወረድ ግን ቶሎ ይመጣል። ባለ 11 ኢንች ዲስክ መቀየሪያ ኪቶች በብዛት ይሸጣሉ፣ ጥራታቸው የሚለየውም በዲስኩ ሳይሆን አብረው በሚመጡት ትናንሽ ነገሮች ነው። የፊትና የኋላውን ግፊት የሚያከፋፍለው ቫልቭ ካልተካተተበት ኪቱ ጎዶሎ ነው፤ ያለ እሱ የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ይቆለፋል። ዋናው የፍሬን ፖምፓም መቀየር አለበት፦ ሰርቮ ከሌለ 1 ኢንች፣ ካለ 1⅛ ኢንች።

የቀድሞውን የታምቡር ፖምፓ ማቆየት የሚያመጣው ጣጣ ለብቻው መነገር አለበት። በመውጫው ውስጥ 10 ፒኤስአይ አካባቢ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ አለ። ለታምቡር ጥሩ ነው፣ የዲስክ ሸራን ግን ዲስኩ ላይ እንደተጫነ ያቆየዋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁ የፊቱን በክሪክ አንሡና ጎማውን በእጅ አዙሩ። ከከበደ ፖምፓው ላይ ያለውን የፊት ቱቦ ዳዶ በትንሹ ፍቱ፤ ጎማው ወዲያው ከቀለለ ጥፋተኛው ያ ቫልቭ ነው። የፍሬን ዘይቱን ዶት 4 አድርጉት፤ አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ የዶት 3 ወሰን 205 ነው። ሌላው ደግሞ ለታምቡር የተሠራው ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ካሊፐሩን ሊነካ ስለሚችል ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ባዶ ቸርኬውን አስራችሁ አዙራችሁ እዩ።

ካምፐሯ የምትታሰርበት ጋንቾ ላይ እንምጣ። ክፍል 2 የሚባለው፣ እስከ 3,500 ፓውንድ የሚችለው፣ 1¼ ኢንች ቀዳዳ ያለው ይበቃል። ክፍል 1 ወሰኑ 2,000 ፓውንድ ስለሆነ ለ1,900 አፍ አፉ ላይ ነው። ፓራውልት ላይ ብቻ የሚታሰረውን ሁለገብ ጋንቾ ማንም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ፤ የዚህ መኪና ፓራውልት ጌጥ ነው፣ መጎተቻ አይደለም። ጋንቾው ሁለቱን የሻንሲ ክንፎች መያዝ አለበት። የኩፔው (የባለ ሁለት በሩ) ሻንሲ በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ሲ ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ ሙሉ ሳጥን ሆኖ የተዘጋው የኮንቨርቲብሉና የኤል ካሚኖው ነው። ስለዚህ ከውስጥ በኩል 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ደጋፊ ሳህን ካልገባ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ይላላል። በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ግማሽ ኢንች ግሬድ 8 ቡሎን፣ ወደ 105 ፉት ፓውንድ አጥብቃችሁ። መበየድ ካስፈለገ የነዳጅ ሰልባትዮው ሳይወርድ አይነካም።

አንድ ነገር በመግለጫ ወረቀቶቹ ላይ አታገኙም። የዚህ ሼቨሌ ነዳጅ መሙያ ያለው ከኋላ ታርጋው ጀርባ ነው፤ ታርጋው ወደ ታች ሲታጠፍ ክዳኑ ይገኛል። ከፍ ብሎ የተገጠመ ጋንቾ ታርጋውን እንዳይታጠፍ ያግደዋል፣ ወይም የካምፐሯ አፍ የሚቀመጥበት ኳስ መያዣ ብረት ለነዳጅ አፈሙዝ ቦታ ይነሣል። ውጤቱም በየማደያው ካምፐሯን መፍታት ነው። ስለዚህ ጋንቾውን መጨረሻ ላይ ከማጥበቃችሁ በፊት ኳሱን ከነመያዣው ሰክታችሁ፣ ታርጋውን አጥፋችሁ፣ ከአፈሙዙ የሚወፍር ቱቦ በማዕዘን አስገብታችሁ ሞክሩ። የኳሱን መጠን በግምት አትግዙ። የካምፐሯ አፍ ላይ 1⅞ ወይም 2 ኢንች ተብሎ ተቀርጿል። በ2 ኢንች አፍ ውስጥ 1⅞ ኳስ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ዘሎ ይወጣል።

አሁን ሞላው። ካምፐሯ ኳሱ ላይ የምታሳርፈው ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ እዚህ 95 ኪሎ እንበል። የኩፔው ሁለት አክሰሎች 2.845 ሜትር ይራራቃሉ። ኳሱ ከኋላ አክሰል 1.4 ሜትር ቢርቅ የኋላው አክሰል የሚሸከመው 95 ሳይሆን 142 ኪሎ ይሆናል፣ ከፊት ጎማዎች ደግሞ 47 ኪሎ ይነሣል። መሪው የሚቀልለው፣ የፊት መብራቱ ዛፍ ላይ የሚያበራው ለዚህ ነው። ይህንን ለማስተካከል ብዙዎች በአየር የሚነፋ አሞርዛተር ይገዛሉ። አይመከርም። የዚህ መኪና አሞርዛተር የላይኛው ማሰሪያ ንዝረት ለማብረድ እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም፤ ቆርቆሮው በቡሎኖቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

የተሻለው ኤር ሊፍት 1000 ነው፤ በሞላው ሆድ ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት። ጥንዱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያግዛል፣ ግፊቱ ከ5 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። አገባቡ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፦ ሻንሲውን በማቆሚያ ደግፉ፣ የአሞርዛተሮቹን የታች ጫፍ ፍቱ፣ አክሰሉን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ፣ ከረጢቱን አየሩን አስወጥታችሁ እንደ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ በሞላው ዙሮች መካከል አስገቡት። አክሰሉ ሲወርድ ዓይናችሁ መሃል ላይ ያለው የላስቲክ ፍሬን ቱቦ ላይ ይሁን፤ ለሁለቱም የኋላ ጎማ ያለው እሱ አንዱ ብቻ ነው፣ ከተለጠጠ ይቀደዳል። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ቲ ማገናኛ አትጠቀሙበት። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ መስመር ሲገናኙ ኩርባ ላይ አየሩ ከተጫነው ጎን ወደ ቀለለው ይሸሻል፣ መኪናውም ይብስ ያጋድላል። ለየብቻ ሁለት መንፊያ አድርጉ። ጥንድ ማርሚታ ባለው መኪና የአየር ቱቦው ከሙቀቱ ራቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ የሚበላሸው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው። የዚህ ዕቃ ጉድለቱ ሰው ከመጠን በላይ እንዲነፋ መጋበዙ ነው። ባዶ መኪና የነበረውን የኋላ ከፍታ ለክታችሁ እዚያው ድረስ ብቻ መልሱ። የመኪናው የመሸከም አቅም በአየር አይጨምርም።

ካምፐሯ የራሷ ኤሌክትሪክ ፍሬን ይኑራት። በካሊፎርኒያ ጠቅላላ ክብደቱ 1,500 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ የካምፐር ተሳቢ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ሕጉ በላላበት ግዛትም ቢሆን ለዚህ መኪና አስፈላጊ ነው። ከሹፌሩ አጠገብ ሆኖ የካምፐሯን ፍሬን የሚያዘውን መቆጣጠሪያ በተመለከተ ቴኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ2 አሁንም የሚመረጥ ነው። መኪናው በምን ያህል ፍጥነት እየቆመ እንደሆነ ራሱ ተረድቶ በዚያው መጠን ለካምፐሯ ፍሬን ይሰጣል። ክፋቱ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንጠለጠል ጥቁር ሳጥን መሆኑ ነው። ይህ ዓይናቸውን የሚያሳምማቸው ሬድአርክ ቶው ፕሮ ይውሰዱ፤ አካሉ ተደብቆ የሚታየው አንዲት ማዞሪያ ብቻ ናት።

የሽቦ ሥራው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። በዚህ መኪና የኋላ መብራት ፍሬንና ፍሬቻ የሚሠሩት በአንድ ክር ነው። የመቆጣጠሪያው ቀይ ሽቦ ከኋላ መብራት ከተወሰደ ፍሬቻ በተሰጠ ቁጥር የካምፐሯ ፍሬን ይዝ ይለቅ ይጀምራል። ቀዩ መያያዝ ያለበት ፔዳሉ ላይ ካለው የፍሬን ማብሪያ የሚወጣው ነጭ ሽቦ ላይ፣ ገና ወደ ፍሬቻው ማብሪያ ሳይገባ ነው። እዚያው ማብሪያ ላይ ያለው ብርቱካናማ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው፤ እሱን የነካ ፍሬኑ ጭራሽ አይለቅም። የመቆጣጠሪያው ጥቁር ሽቦ በ20 ወይም 30 አምፔር ቆራጭ በኩል በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ውፍረቱ 12 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ፤ የራሱ ነጭ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሰማያዊው ወደ ካምፐሯ ፍሬን። ሁለት ባለ 10 ኢንች ፍሬኖች ወደ 6 አምፔር ይወስዳሉ። ማስተካከያውን ደረቅ፣ ባዶ ቦታ ላይ በሰዓት 25 ማይል እየነዳችሁ የእጅ ማንሻውን ሙሉ ገፍታችሁ ፈትኑት፤ የካምፐሯ ጎማ እስኪቆለፍ ድረስ ጨምሩ፣ ከዚያ ከመቆለፊያው ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

መብራቱ ራሱ ቀላል ነው። አሮጌው አሜሪካዊ አሠራርና የተሳቢው አሠራር አንድ ዓይነት ስለሆነ መቀየሪያ ሳጥን አያስፈልግም። የፍሬቻው ብልጭልጭታ ግን አምፖል ሲጨመርበት ይጣደፋል፤ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ብልጭታ ሰጪ ብትሰኩ ትገላገላላችሁ። 37 አምፔር የሚሰጠው የቀድሞው ዲናሞ የካምፐሯን ባትሪ መሙላት አይችልም። ባለ 63 አምፔሩ ደልኮ 10ኤስአይ የቮልቴጅ ማስተካከያው ውስጡ ስላለ ያረካል።

የካምቢዮ ጠላት ሙቀት ነው፣ የሙቀቱም ምንጭ ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል ነው። ለሩጫ የተገጠመ 3,000 ዙር ኮንቨርተር ዳገት ላይ ሲንሸራተት ይውላል፣ ዘይቱንም ያቃጥላል፤ ወደ መደበኛው መመለስ አለበት። ከዚያ በሳህን የተደራረበ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ በሚመለሰው መስመር ላይ ይገጠም። ተመላሹን ለማወቅ ሞተሩን ቀዝቃዛ አስነሡ፤ ቀድሞ የሚሞቀው ቱቦ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ነው፣ ሌላው ተመላሹ። በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል የሚሾለከውን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጣሉት፣ በንዝረት ቱቦውን ይፈቀፍቃል። በብረት ቅንፍ እሰሩ። የቬንትሌተሩ ሽፋን ከጠፋ ደግሞ ትልቅ ራዲያተር ከመግዛት በፊት ሽፋኑን ግዙ፤ ክንፉ ግማሹ ከሽፋኑ ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ይሁን።

ባለ አራት ማርሹ 200-4አር ካምቢዮስ? የአራተኛው ማርሽ ሬሾ 0.67 ነው፤ ሲጎተት ግን እሱን አትጠቀሙበትም፣ ሦስተኛው ላይ ነው የምትውሉት። ስለዚህ በ3.31 የዲፈረንሻል ሬሾ ላይ ለጉተታ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ጥቅሙ 3.73 ለመግጠም ነፃ ማውጣቱ ነው፦ 26 ኢንች ጎማ ላይ በሰዓት 60 ማይል ካምፐር ይዛችሁ 2,890 ዙር፣ ባዶ ስትመለሱ በአራተኛው 1,940። ዲፈረንሻሉ ካልተቀየረ ካምቢዮውን አትቀይሩ። ከተቀየረም ከካርቡሬተሩ የሚመጣውን የቲቪ ገመድ በግምት አታስተካክሉ። ገመዱ ከላላ የውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ የክላች ሳህኖቹም በአንድ ጉዞ ሊነድዱ ይችላሉ።

የኳሱን ክብደት በቤት ሚዛን መለካት ይቻላል። አንድ ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አስተኙ፤ የካምፐሯ አፍ ከጡቡ 30፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲሜትር ርቆ ይረፍ። የሚነበበውን በሦስት አባዙ። ከ86 ኪሎ ካነሰ የካምፐሯን ዕቃ ከአክሰሏ ወደ ፊት አዛውሩ፤ ካምፐር መወዛወዝ የምትጀምረው ኋላዋ ሲከብድ ነው። ከጀመረች የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ልቀቁና የመቆጣጠሪያውን የእጅ ማንሻ ብቻ ግፉ። የካምፐሯን የቸርኬ ዳዶዎች ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ፣ የጋንቾውን ቡሎኖች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ በቶርክ ቁልፍ እንደገና አጥብቁ።